ፍሬድሪክ ዳግላስ በሄደበት መንገድ፦ ከዱክ ጎዳና እስከ ሴዳር ሂል

በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት ዱክ ጎዳናን ይዤ ወደ ኪንግ ስትሪት ባቡር ጣቢያ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ከጣቢያው ጥቂት ብሎኮች ወረድ ብሎ ቁጥር 1315 የሆነ አሮጌ የጡብ ቤት አለ። ባለፈው ዓመት አንዲት አዛውንት ተሳፋሪ በዚያ ስናልፍ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይህ ቤት ሰው እየታጎረ የሚሸጥበት እንደነበር ታውቃለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በበሩ ያለፍኩበትን ቤት አለማወቄ ከነከነኝ።

በዚያው ሰሞን የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን ለትምህርት ቤት እንድታነብ ታዘዘች፤ ማታ ማታ አብረን አነበብነው። ዳግላስ በሜሪላንድ በባርነት ተወልዶ፣ በሃያ ዓመቱ አምልጦ፣ በጽሑፉና በንግግሩ ባርነትን ሲታገል የኖረ ሰው ነው። የተወለደበት ቦታ ከቤታችን የሁለት ሰዓት መንገድ መሆኑን ሳውቅ፣ በክረምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት የሄደበትን መንገድ ተከትለን እንድንሄድ ወሰንኩ። ባለቤቴ ከሆስፒታል ሥራዋ ፈቃድ ስላላገኘች ሁለታችን ብቻ ወጣን። የጉዞውን ቀናት በእኛ አቆጣጠር፣ የታሪኩን ዓመታት ግን ካልገለጽኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2016 — አሌክሳንድሪያ፣ ዱክ ጎዳና

ጉዞውን ከራሳችን ሰፈር ጀመርን። ቤቱ ዛሬ የከተማው ንብረት ሆኖ ፍሪደም ሃውስ የሚባል ሙዚየም ነው፤ መግቢያው 5 ዶላር ነው። አይዛክ ፍራንክሊንና ጆን አርምፊልድ የተባሉ ሸሪኮች ከ1828 እስከ 1836 ከአገሪቱ ትልልቅ የባሪያ ንግድ ድርጅቶች አንዱን ከዚህ ሆነው መሩ። አርምፊልድ እዚህ ይገዛል፤ ፍራንክሊን ኒው ኦርሊንስና ናቼዝ ሆኖ ይሸጣል። በቤቱ ግራና ቀኝ በረጅም የኖራ ግንብ የታጠሩ ሁለት ግቢዎች ነበሩ፤ አንዱ ለወንዶች፣ ሌላው ለሴቶች።

ብዙዎቻችን የባሪያ ንግድ ሲባል የሚታየን ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ የሚሻገረው መርከብ ብቻ ነው። ያ ንግድ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ከጥር 1 ቀን 1808 ጀምሮ በሕግ ተከለከለ። ነገር ግን በዚያው ዘመን የደቡቡ ጥጥ እጅግ ተፈላጊ ሆነ፤ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ የትምባሆ መሬት ደግሞ ደክሞ ነበር። ስለዚህ በአገር ውስጥ የተወለደው ሰው ራሱ ወደ ደቡብ የሚጫን ሸቀጥ ሆነ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት በነበሩት አሥርት ዓመታት አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዚህ መንገድ ከቤተሰቡ ተነጥሎ ወደ ጥጥ አገር ተወሰደ። ገሚሱ በመርከብ ሄደ፤ ገሚሱ ወንዱ ጥንድ ጥንድ ሆኖ በሰንሰለት ታስሮ፣ ሴቱና ሕፃኑ እየተከተለ፣ ከ1,000 ማይል በላይ በእግሩ ተነዳ።

ልጄ ከሁሉ በላይ የቆመችው የመርከብ ጭነት ዝርዝር ፊት ነው። ሕጉ በባሕር ዳርቻ የሚጓዝ መርከብ የጫናቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እንዲመዘግብ ያስገድድ ነበር፤ ዓላማውም ከውጭ የመጣ ሰው ተደባልቆ እንዳይገባ መቆጣጠር ነው። ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የቆዳ ቀለም፤ ከዚያ የላኪው ስም። እርሷ ዓምዶቹን በደብተሯ ገለበጠች። እኔ ደግሞ የተማረ ሰው የጻፈውን ያንን ጥንቁቅና ያማረ የእጅ ጽሑፍ እያየሁ ቆየሁ። እኛ ስደተኞች «ወረቀት» የምንለው ነገር ትርጉሙ ብዙ ነው፤ «ወረቀት አለው?»፣ «ወረቀቷ ወጣላት» እንላለን፤ ስምንት ዓመት ወረቀት የጠበቅኩ ሰው ስለሆንኩ አንድ ገጽ በሰው ሕይወት ላይ ያለውን ሥልጣን አውቀዋለሁ። የዚህ ንግድም ጉልበቱ ሰንሰለቱ ብቻ አልነበረም፤ ደረሰኙ፣ መዝገቡና የጋዜጣ ማስታወቂያው ነበር።

ከሙዚየሙ ስንወጣ ልጄ፣ «አባዬ፣ እኛ አገርስ ነበረ?» አለችኝ።

ልዋሻት አልፈለግሁም። ነበረ አልኳት። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ እንደነበር፣ ባርነት በአዋጅ የተሻረው ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. መሆኑን፣ «ባሪያ» የሚለው ቃልም እስከ ዛሬ በእኛ አፍ ስድብ ሆኖ መቅረቱን ነገርኳት። ልጅ ሆኜ በጎጃም በአያቴ ቤት እንጨት የሚፈልጡ፣ ከከብቶቹ አጠገብ የሚተኙ አንድ ሽማግሌ እንደነበሩም ነገርኳት። «ስማቸው ማን ነው?» አለች። «ጋሼ ነበር የምንላቸው» አልኩ፤ ሌላ የማውቀው አልነበረኝም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 4 — ታካሆና ኢስተን፣ ሜሪላንድ

ንጋት ላይ ተነስተን የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ በረጅሙ ድልድይ ተሻገርን። ድልድዩ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሚከፈልበት ወደ ምሥራቅ ሲሻገሩ ብቻ ነው። ከድልድዩ ማዶ አገሩ ድንገት ይለወጣል፤ ሕንፃው ያልቅና በቆሎ ይጀምራል። በነሐሴ የበቆሎው ቁመት ከሰው በላይ ነው፤ እኛም አገር እሸቱ የሚደርሰው በዚሁ ወር ስለሆነ መስኮቱን ከፍቼ ሽታውን ሳብኩት። መንገድ ዳር አንድ ገበሬ ስድስት ራስ በ5 ዶላር ይሸጣል። ፍልሰታን እየጾምን ስለነበር ይህ በቆሎ ኋላ ላይ ትልቅ ስንቅ ሆነን።

ዳግላስ የተወለደው በየካቲት 1818 በታካሆ ጅረት አጠገብ፣ በአያቱ በቤትሲ ቤይሊ ጎጆ ነው። እርሱ የልደት ቀኑን ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልግ ኖሮ ሳያገኘው ሞቷል። የታወቀው ከሞተ በኋላ፣ የመጀመሪያው ጌታው አሮን አንተኒ በያዘው መዝገብ ውስጥ «ፍሬድሪክ ኦገስተስ፣ የሃሪየት ልጅ፣ የካቲት 1818» ተብሎ ተጽፎ ሲገኝ ነው። እንደ ከብት ውላጅ የተመዘገበበት ገጽ ለታሪክ ምስክር ሆነ።

በታካሆ ጅረት ድልድይ አጠገብ የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆሟል፤ ጎጆው የነበረበት ቦታ ግን በግል እርሻ ውስጥ ስለሆነ የሚታይ ነገር የለም። ቢያንስ አካባቢውን እንይ ብለን ወደ ጠባብ የእርሻ መንገድ ታጠፍን። ስልኩ መስመር አጣ። መኪናዋን አዙሬ ልመለስ ስል የኋላ ጎማዋ ከመንገዱ ዳር ባለው ቦይ ውስጥ ሰመጠች፤ በተገፋች ቁጥርም ይበልጥ ጠለቀች። ወባ አገር እንዳለን የትንኙ ብዛት አያድርስ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ነጭ ገበሬ በትራክተር መጥተው በሽቦ ገመድ ጎትተው አወጡን። 20 ዶላር ብሰጣቸው እጄን መለሱት። ለምን እንደመጣን ስነግራቸው፣ «እርሱ የዚህ አገር ልጅ ነው» ብለው በእጃቸው ወደ ዛፎቹ አመለከቱን።

እኔ እዚያ ቆሜ ያሰብኩት እናቱን ነው። ሃሪየት ቤይሊ ከእርሱ የተነጠለችው ገና ሕፃን ሳለ ነው። አሥራ ሁለት ማይል ርቆ ባለ እርሻ ስትሠራ ውላ፣ ማታ ያንን መንገድ በእግሯ መጥታ አጠገቡ ትተኛለች፤ ከመንቃቱ በፊት ደግሞ ትመለሳለች፤ ፀሐይ ስትወጣ እርሻው ላይ ያልተገኘ ይገረፋልና። እርሱ እንደጻፈው እናቱን ያያት አራት ወይም አምስት ጊዜ፣ ሁሉንም በሌሊት ነው። ቀን ላይ ፊቷን አይቶ አያውቅም።

ማታ ኢስተን ደረስን። ያደርነው ጡረታ በወጡ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት መምህርት ቤት ነው፤ ለሁለታችን 130 ዶላር ከፈልን። የአባቶቻቸው ሰፈር ዘ ሂል የሚባለው፣ ከባርነት ዘመን ጀምሮ ነጻ ጥቁሮች የኖሩበት መንደር ነው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እንደማንበላ ስነግራቸው ለአፍታ አሰቡና የበቆሎ ዱቄት በውኃ አገንፍተው አቀረቡልን። ያለ ቅቤ የተሠራ ገንፎ ማለት ነው። ልጄ ማንኪያዋን ይዛ ዝም አለች፤ ምን እንዳሰበች ገባኝ። ዳግላስ በስድስት ዓመቱ አያቱ በእግር አድርሰውት በተለዩት በኮሎኔል ሎይድ ግቢ፣ ለልጆቹ የሚሰጠው ምግብ ይኸው ገንፎ ነበር። በትልቅ የእንጨት ገበታ መሬት ላይ ይዘረገፍና ልጆቹ እንደ አሳማ ይጠራሉ፤ የኦይስተር ቅርፊት ያገኘ በቅርፊት፣ ያላገኘ በእጁ እየዛቀ ይሻማል። የተሻለ የሚበላው ፈጣኑ ነው።

አስተናጋጃችን ይህን ታሪክ በቃላቸው ያውቁታል። የነገሩን ሌላ ነገር ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ እርሱም በመጽሐፉ ውስጥ አለ። በክረምት ብርድ ልብስ ስላልነበረው በቆሎ ወደ ወፍጮ የሚወሰድበትን ጆንያ ሰርቆ፣ ራሱን ከውስጥ እግሩን ከውጭ አድርጎ ይተኛ ነበር። እግሩ በውርጭ ከመሰነጣጠቁ የተነሣ፣ ይህን የምጽፍበት ብዕር በንቃቃቱ ውስጥ ሊጋደም ይችላል ብሎ ጻፈ። የእኛ አገር ገበሬ ተረከዝ ንቃቃት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ይህ ቃል ይገባዋል። ብዕሩና ቁስሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ ከዚህ በላይ የሚናገር ጽሑፍ አላነበብኩም።

እሑድ፣ ነሐሴ 5 — ኢስተንና ሴንት ማይክልስ

በአካባቢው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ ቅዳሴውን በስልክ ተከታተልን። ከዚያ ወደ ኢስተን ፍርድ ቤት ሄድን። በሣሩ ላይ ከ2011 ጀምሮ የዳግላስ ሐውልት ቆሟል፤ አንድ እጁ ለንግግር ወደ ላይ ተዘርግቷል። ባርነት እንዳይሻር ለተዋጉት ለደቡብ ወታደሮች በ1916 የተሠራው ሐውልት በዚሁ ግቢ እስከ 2022 ድረስ አብሮት ቆሞ ነበር። ከረጅም ክርክር በኋላ ተነሥቷል፤ ቦታው ላይ የቀረው ሣር ብቻ ነው። መነሣቱ ትክክል ነው እላለሁ።

በዚህች ከተማ እስር ቤት ዳግላስ በ1836 ታስሯል። ታሪኩ የወረቀት ታሪክ ነው። በሴንት ማይክልስ አቅራቢያ በሚሠራበት እርሻ ከጓደኞቹ ጋር በታንኳ ለማምለጥ ሲዶልቱ፣ እርሱ ብቻ መጻፍ ስለሚችል ለእያንዳንዳቸው የይለፍ ወረቀት ጻፈላቸው፦ ይህን የያዘው አገልጋዬ የፋሲካን በዓል በባልቲሞር እንዲያሳልፍ ፈቅጄለታለሁ የሚል፣ የጌታ ፊርማ ያለበት። ሰው ጠቆመባቸው። እጃቸው ታስሮ፣ ፈረስ እየጎተታቸው አሥራ አምስት ማይል ወደ ኢስተን ሲነዱ፣ አንዱ ጓደኛው ወረቀቱን ምን ላድርገው ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀው። ከብስኩትህ ጋር ብላው አለው። ጓደኞቹ ሁሉ በሉ፤ ማስረጃ ጠፋ። በእስር ቤቱ የባሪያ ነጋዴዎች ወዲያው መጥተው እንደ ገበያ በግ እየዳሰሱ አዩዋቸው። ዳግላስ ወደ ደቡብ ያልተሸጠው ጌታው ቶማስ ኦልድ ሐሳቡን ለውጦ ወደ ባልቲሞር ስለላከው ነው።

ሴንት ማይክልስ ዛሬ ባለ ጀልባ ሀብታሞች የሚዝናኑባት፣ አበባ የበዛባት ንጹሕ ከተማ ናት። ምግቧ ሁሉ ክራብ የሚባለው የባሕር እንስሳ ነው፤ አንድ ሳህን 38 ዶላር አየሁ። እኛ የተቀቀለውን የትናንት በቆሎና 9 ዶላር የከፈልንበትን የተጠበሰ ድንች በላን። በባሕር ሙዚየሙ ግቢ የዳግላስ እህት የኤሊዛ ሚቸል ትንሽ የእንጨት ቤት ቆማለች። ሌላዋ እህቱ ሳራ ግን በ1832 ወደ ሚሲሲፒ ተሸጣለች። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዷ ቤቷ በሙዚየም ተጠብቋል፣ አንዷ ወደ ጥጥ አገር ተወሰደች።

ከከተማው ወደ ምዕራብ ስንነዳ ኤድዋርድ ኮቪ ይኖርበት የነበረውን አካባቢ በሩቁ አየን። ኮቪ እምቢተኛን ሰው እንደ ወይፈን በመግራት የታወቀ ገበሬ ነበር፤ ዳግላስ በ1834 በአሥራ ስድስት ዓመቱ ለእርሱ ተከራየ። ለስድስት ወር ሳምንት ሳያልፍ ተገረፈ። እሑድ እሑድ እዚሁ ባሕር ዳር ቆሞ ነጫጭ ሸራ የዘረጉትን መርከቦች እያየ ከእነርሱ ጋር ይነጋገር ነበር። በነሐሴ ወር አንድ ቀን ራሱ ተፈንክቶ፣ ደሙ እየፈሰሰ ሰባት ማይል በጫካ ሄዶ ለጌታው አቤት አለ፤ ጌታውም መልሶ ላከው። ከዚያ በኋላ ነው ኮቪን አንቆ የያዘው። ሁለት ሰዓት ያህል ታገሉ። ከዚያ ቀን ወዲያ ኮቪ እጁን አላነሳበትም። ልጄ መኪናውን እንዳቆም ጠየቀችኝ፤ ወርደን ውኃውን አየን። ነፋስ የለም፤ ሁለት ሸራ ጀልባዎች በቦታቸው ቆመዋል።

ሰኞ፣ ነሐሴ 6 — ባልቲሞር፣ ፌልስ ፖይንት

የኪ ድልድይ በመጋቢት ከፈረሰ ወዲህ በከተማው ዙሪያ ያለው መንገድ ይጨናነቃል ተብሎ ተነግሮኝ ነበር፤ እንደተባለውም አንድ ሰዓት ተኩል ቆመን ቀረን። መኪናውን በቀን 24 ዶላር ከፍለን አቁመን፣ በድንጋይ የተነጠፈውን የቴምስ ጎዳና በእግር ያዝን።

ዳግላስ በስምንት ዓመቱ ወደዚህ ሰፈር መጣ። የቤቱ እመቤት ሶፊያ ኦልድ ፊደል ማስተማር ጀመረችለት፤ ባሏ ሂው፣ የቶማስ ኦልድ ወንድም፣ ሲደርስባት፣ ባሪያ ማንበብ ከቻለ ለባርነት አይሆንም ብሎ ከለከላት። ልጁ ይህን ሰማ። ከነጻነቱ የሚለየው ምን እንደሆነ የነገረው ጌታው ራሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ከቤት ዳቦ ይዞ እየወጣ፣ ለተራቡ የሰፈሩ ነጭ ልጆች ቁራሽ እየሰጠ ንባብ ተማረባቸው። መጻፍ የተማረው ደግሞ በመርከብ መሥሪያው ነው። አናጢዎቹ የተላገ ሳንቃ ሁሉ ላይ የሚገባበትን የመርከብ ክፍል በፊደል ይጽፉበት ነበር፦ ለግራ ጎን «ኤል»፣ ለቀኝ «ኤስ»፣ ለፊት ከሆነ «ኤፍ»፣ ለኋላ «ኤ» ይጨመርበታል። እነዚያን አራት ፊደላት ገለበጠ፤ ከዚያ መጻፍ የሚችል ልጅ ሲያገኝ፣ እንደ አንተ እጽፋለሁ ብሎ ይወዳደራል፤ ያም ልጅ ሊበልጠው ሲል ሌላ ፊደል ይጽፋል፤ እርሱም ያንን ይይዛል። አጥሩ፣ ግንቡና የመንገዱ ንጣፍ ሰሌዳው ሆኑ፤ ብዕሩ ጠመኔ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ በአለንጋ ፍርሃት ነው፤ ሳላውቀው የታደልኩትን ነገር በዚያ ድንጋይ ላይ ቆሜ አሰብኩት።

በአሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ በ50 ሳንቲም የንግግሮች መድበል ገዛ። ያንን መጽሐፍ በያዘበት ሰፈር ግን ሌሊት ሌሊት ሌላ ነገር ይሰማል። በፕራት ጎዳና ላይኛው ጫፍ ኦስቲን ዉልፎክ የተባለ ነጋዴ ትልቅ ግቢ ነበረው፤ ወኪሎቹ በየወረዳው እየዞሩ፣ ለኔግሮዎች ጥሬ ገንዘብ እንከፍላለን የሚል ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። የተገዙት ሰዎች ሕዝብ እንዳያይ በእኩለ ሌሊት ወደ መርከብ ይነዳሉ። ዳግላስ በሐምሌ 5 ቀን 1852 በሮቼስተር ባደረገው ታላቅ ንግግር፣ በደጃቸው የሚያልፈው የሰንሰለት ኮቴና ልቅሶ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰው እንደነበር ተናግሯል። እኛ ስናልፍ በዚያው ሰፈር ወጣቶች ደጅ ተቀምጠው እየሳቁ ቢራ ይጠጣሉ። ከውኃው በኩል ቀላል ነፋስ ይነፍሳል፤ ሰንሰለቱ ያለፈበት ድንጋይ የትኛው እንደሆነ የሚነግር ምልክት አላየሁም።

በዳላስ ጎዳና እርሱ በ1892 ያሠራቸው አምስት ተጣባቂ ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። በባርነት ሳለ ይጸልይበት የነበረ ቤተ ክርስቲያን ቦታ ላይ ነው ያሠራቸው። አንዱ ደረጃ ላይ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች፤ ሰላም ስንላት በፈገግታ መለሰችልን።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7 — በባቡር ወደ ኒው ዮርክ

ከዚህ ጀምሮ በባቡር የሄድነው እርሱም በባቡር ስለሄደ ነው። ሁለታችን 142 ዶላር ከፈልን።

ዳግላስ በባልቲሞር የመርከብ ሳንቃ ክፍተት በቃጫና በዝፍት የሚደፍን ባለ ሙያ ሆኖ ነበር። በሳምንት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዶላር ያገኛል፤ ቅዳሜ ማታ ሁሉንም ለሂው ኦልድ ያስረክባል፤ ኦልድ አንዳንዴ ስድስት ሳንቲም ይመልስለታል። አረብ አገር ቆይታ የመጣች እህቴ ፓስፖርቷን አሠሪዋ ቆልፈው ይይዙባት እንደነበር ስትነግረኝ የተሰማኝን ቁጣ እዚህ ላይ አስታወስኩ፤ ሁለቱ አንድ ናቸው አልልም፤ ግን የሰውን ወረቀትና ላብ በሌላ ሰው መሳቢያ ማኖር ምን እንደሆነ በቤቴ አውቀዋለሁ።

በመስከረም 3 ቀን 1838 የመርከበኛ ቀይ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከአንድ ነጻ ጥቁር መርከበኛ የተዋሰውን የጥበቃ ወረቀት ይዞ ባቡሩ ሊንቀሳቀስ ሲል ዘሎ ገባ። ለጉዞው ገንዘብ እጮኛው አና መሪ የላባ ፍራሽዋን ሸጣለች። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው መልክ እርሱን አይመስልም ነበር፤ ወረቀቱ አናት ላይ ግን ትልቅ የአሜሪካ ንስር ታትሟል። ተቆጣጣሪው ንስሩን አየና አለፈ። ባቡራችን በሃቭር ደ ግሬስ ድልድይ ሰስኩዌሃናን ሲሻገር ልጄን ቀሰቀስኳት፤ ያኔ ድልድይ ስላልነበረ መንገደኛው በጀልባ ይሻገር ነበር። በዚያ ጉዞ በደንብ የሚያውቀው አንድ ጀርመናዊ አንጥረኛ ትክ ብሎ አየውና ዝም አለ። አወቀኝ፤ ግን ሊያጋልጠኝ ልቡ አልፈቀደም ብሎ ጽፏል። ይህን መንገድ ለሕዝብ የገለጸው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1881 ነው፤ የረዱት ሰዎች እንዳይጎዱ፣ ሌሎች የሚያመልጡበትም በር እንዳይዘጋ ዝም ብሎ ነበር።

በማንሃተን የሊስፔናርድ ጎዳና ቁጥር 36፣ ዴቪድ ራግልስ ያመለጡ ሰዎችን ይደብቅበት የነበረው ቦታ፣ ዛሬ ቡና ቤት ነው። አና መሪ መጥታ መስከረም 15 ቀን የተጋቡት እዚህ ከተማ ሳሉ ነው። ሁለት ስኒ ጥቁር ቡና 9 ዶላር ከፍለን ተቀመጥን፤ በግድግዳው ላይ ያለውን የመታሰቢያ ጽሑፍ ልጄ ለእኔ በአማርኛ ተረጎመችልኝ። አማርኛዋ እንዲህ መጎልመሱን እስከዚያ ቀን አላወቅሁም ነበር።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9 — ኒው ቤድፎርድ፣ ማሳቹሴትስ

ረቡዕ የቆረጥነው አውቶቡስ ያለ ማስታወቂያ ቀረ። በፕሮቪደንስ አምስት ሰዓት ጠብቀን ሌሊት ደረስን፤ የከፈልንበት ክፍልም ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ስለጠበቀን 60 ዶላር ጨምረን ሌላ ቦታ አደርን።

ጠዋት በሰባተኛ ጎዳና ቁጥር 21 የናታንና የፖሊ ጆንሰንን ቤት ከውጭ አየን። ጆንሰኖች ጥቁር ነጋዴዎች ነበሩ፤ አዲስ ተጋቢዎቹን ተቀበሏቸው። ፍሬድሪክ ቤይሊ እየሸሸ ስሙን ስታንሊ፣ ከዚያ ጆንሰን አድርጎት ነበር፤ ኒው ቤድፎርድ ውስጥ ግን ጆንሰን ስለበዛ አስተናጋጁ ከሚያነበው ግጥም ዳግላስ የሚል ስም አወጣለት። ፍሬድሪክ የሚለውን ግን ለመለወጥ አልፈቀደም፤ ማንነቴን እንዳላጣ እፈልጋለሁ አለ።

በዚህች ከተማ በአንድ ቄስ ደጅ የተከመረ ከሰል አይቶ፣ ወደ ቤት ላስገባው ብሎ የቄሱን ሚስት ጠየቀ። ሥራውን ሲጨርስ ሁለት ብር ግማሽ ዶላሮች በእጁ አስቀመጠችለት። የሚወስድበት ጌታ የሌለው ገንዘብ ሲይዝ የመጀመሪያው ነበር። ሰሜን ግን ገነት አልነበረም፤ ነጭ ደፋኞች ከጥቁር ጋር አንሠራም ስላሉ ሙያውን ትቶ በቀን አንድ ዶላር የጉልበት ሥራ ሠራ። መጽሐፉ ሲታተም እውነተኛ ስሙንና የጌቶቹን ስም ስለገለጸ ተመልሶ እንዳይያዝ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ በዚያ ያሉ ወዳጆቹ 711 ዶላር ከ66 ሳንቲም አዋጥተው በታኅሣሥ 1846 በሕግ ነጻ አወጡት። ለሰው ዋጋ መክፈል ለንግዱ ዕውቅና መስጠት ነው ብለው የተቃወሙ ታጋዮች ነበሩ። እኔ በእርሱ ቦታ ብሆን ወረቀቱን እቀበል ነበር።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11 — ሴዳር ሂል፣ ዋሽንግተን

የመጨረሻው ቤቱ በአናኮስቲያ ኮረብታ ላይ ነው። ቦታ ለማስያዝ ለአንድ ሰው 1 ዶላር ይከፈላል። በ1877 ሲገዛው የዋና ከተማዋ ማርሻል፣ ማለትም የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስፈጻሚ፣ ሆኖ ተሹሞ ነበር። ጎብኚው በደረጃው ሲወጣ ልቡ ይመታል፤ ከላይ ሲዞር ግን ካፒቶልን ጨምሮ ከተማዋ በሙሉ ከእግሩ ሥር ናት። በጥናት ክፍሉ ጠረጴዛው፣ መጻሕፍቱ፣ ወንበሩ አሉ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ብዕር አይቼ የእግሩ ንቃቃት ታወሰኝ። የካቲት 20 ቀን 1895 የሴቶች መብት ስብሰባ ውሎ መጥቶ በዚህ ቤት መተላለፊያ ወድቆ ሞተ።

በ1878 ወደ ትውልድ ቀዬው ሄዶ ነበር። በታካሆ የአያቱ ጎጆ የነበረበትን ቦታ በአንድ የጥድ ዛፍ ምልክት ፈልጎ አገኘና አፈሩን ዘግኖ ወደ ሴዳር ሂል አመጣ። ይህን ለልጄ ስነግራት ከቦዩ ውስጥ በጫማችን ይዘነው የመጣነው ጭቃ ገና በመኪናው ምንጣፍ ላይ ደርቆ ነበር፤ እስካሁን አልጠረግነውም።

ማታ ቤት ስንገባ ልጄ እራት ሳትበላ ደብተሯን አውጥታ ደብረ ማርቆስ ያለችውን እናቴን በስልክ እንዳገናኛት ጠየቀችኝ። በዚያ ሰዓት ንጋት ሊሆን ስለነበር እማዬ ለኪዳን ልትወጣ ነጠላዋን እየለበሰች ነበር። ልጄ በቀጥታ፣ «አያቴ፣ በአባዬ ልጅነት እንጨት የሚፈልጡት ሰውዬ ስማቸው ማን ነበር?» አለቻት። እናቴ ዘገየች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«አንተነህ ነበር የምንለው፤ አያታችሁ ያወጡለት ስም ነው» አለች። «እናቱ ያወጣችለትን ግን አላውቀውም ልጄ። ሲመጣ ከአንቺ ያነሰ ነበር። ከየት እንደመጣ አንድም ቀን የጠየቀው ሰው የለም።»

ልጄ ስም በሚለው ዓምድ ሥር ጻፈች። ዕድሜ፣ ቁመት፣ የላኪው ስም የሚሉት ዓምዶች ባዶ ሆነው ቀጥለዋል። ደብተሩን ሳትዘጋ፣ «ሲመጡ ማን ነው ያመጣቸው?» ብላ ጠየቀች፤ እናቴም ስልኩን ይዛ መናገር ጀመረች።